ዝም የማይለው አምፕሊፋየር

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሶስና የጊታር አምፕሊፋየር ልትገዛ ስትወጣ «እማማ፣ ነይ አብረን እንሂድ፣ እግርሽም ይፍታታ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ እግር እንዴት እንደሚያፍታታ እንጃ፤ ግን ሄድኩ። ሶስና ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ከላይዋ ጨቅላ ሕፃን አለ፣ ከታችዋ ነጋ ጠባ የሚነጫነጭ ጡረተኛ አለ፣ ግድግዳው ደግሞ ከካርቶን አይሻልም። ስለዚህ የምትፈልገው ዝቅ ብሎ የሚሰማ፣ ዝቅ ሲልም ለዛው የማይጠፋ ነገር ነው። ሻጩ ጎረምሳ አንዱን እያነሳ አንዱን እያስቀመጠ ያስረዳታል። «ይኼ ባለ አምፖል ነው። ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ቀንሰሽውም ድምፁ ይሞቃል። ያንን ትልቁን ከወሰድሽ ግን ስትቀንሺው ይሞትብሻል» ይላታል። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እሰማለሁ። ከዚያ ሶኬቱን ሰካና አበራው። ከኋላው ያሉት ትንንሽ መስታወቶች ቀስ እያሉ ብርቱካንማ ሆኑ፤ ጥቂት ቆይቶም ያ ሽታ መጣ። የጋለ መስታወት ላይ አቧራ ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ። ስንት ዘመኔ! ሶስና ዞር ስትል እንባዬ ወርዷል። «እማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። «አቧራ ነው» አልኳት። አቧራም ነበር፣ አልዋሸሁም።

እኛ ያን ጊዜ የምንኖረው ጉለሌ ነው። ከዊንጌት አለፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ከሚወጣው መንገድ ገባ ያለ ግቢ ውስጥ። አምስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ቤቶቹ የጭቃ ናቸው፤ ከአልጋዬ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ከማንበቤ ብዛት በቃሌ ይዤው ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ስብሰባ የበዛበት፣ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት፣ ወንዱም ሴቱም ካኪ የለበሰበት ዘመን ነው፤ በቃ። ታክሲ በስሙኒ ነበር። ሰይቼንቶ የምንላት ትንሿ ታክሲ ውስጥ ተጠቅጥቀን፣ የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ውስጥ ገብቶ፣ ከአዲሱ ገበያ መሀል ከተማ ስንደርስ ቀሚሳችን እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተጨማዶ እንወርዳለን። እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ነጭ ሸራ ጫማዬን ማታ በጠመኔ አነጣና ጠዋት ዝናብ ከመታው መንገዱን ሙሉ ነጭ ዱካ እያተምኩ እሄዳለሁ። አይ ወጣትነት! ያም ሆኖ ቆንጆ ነበርን፤ ልክ እንደ ዛሬ ልጆች ቆንጆ መሆናችንን ግን አናውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ፣ እኛ ሙሌ የምንለው፣ ጊታር ተጫዋች ነበር። መጀመሪያ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ነበር የሚጫወተው። ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ፣ ቀንድ የሚያህል ኮሌታ፣ ማበጠሪያ የተሰካበት አፍሮ። ሱሪውን ማታ ፍራሽ ስር ዘርግቶ ይተኛበታል፤ ጠዋት ምላጭ ሆኖ ይወጣል። ታክሲ ማቆሚያው ጋ ሲቆም የሰፈሩ ሴት ተማሪዎች የሚሳፈሩበትን ታክሲ ያሳልፉ ነበር። ቀይ ጊታር ነበረው። እማዬ «ይህን ቀይ ሰይጣን ከቤቴ አውጣልኝ» ትለዋለች፤ ሰው ሲመጣ ግን ለማሳየት የምትቸኩለው እሷው ነች። በኋላ ሆቴሉ ባንዱን በተነ፤ ሙሌ ወደ ቀበሌ ኪነት ቡድን ገባ፤ አፍሮውን ተቆረጠ፤ ከዚያም ውትድርና ተወሰደ። ሰሜን ነው የሄደው። የት የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ያኔ ብዙ ነገር አይጠየቅም ነበር።

ሲመለስ እጁም እግሩም ሙሉ ነው። የግራ ጆሮው ደከም ብሏል እንጂ ሌላ ጉዳት አይታይበትም። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቧንቧው ጋ የድስት ክዳን ከእጇ አምልጧት ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ፤ ሙሌ አልጋ ስር ገባ። አልጋ ስር! ያን የሚያህል ሰውዬ! እማዬ አጎንብሳ «ልጄ፣ ክዳን ነው፣ የድስት ክዳን ነው» ስትለው እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ጅል አያለሁ። ሲወጣ ጉልበቱን አራገፈና ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ጠየቀ።

ያን ዕለት የግቢው ሰው ተሰብስቦ ወሰነ፤ በዚያ ዘመን ያለ ሊቀ መንበር የተወሰነ ብቸኛው ነገር ሳይሆን አይቀርም። ሙሌ እስኪሻለው ድረስ ግቢው ውስጥ ድምፅ እንዳይሰማ ተባለ። የበሩ ማጠፊያ ዘይት ተቀባ፤ ዘይት እንደዚያ ብርቅ በሆነበት ጊዜ! ልጆቹ ውጭ ሜዳ ካልሆነ መጫወት ተከለከሉ። የብረት ባልዲው በፕላስቲክ ተለወጠ። እትዬ ዘነበች ልጆቿን ስትጠራ አዲሱ ገበያ ድረስ የምትሰማ ሴት ነበረች፤ እሷም መንሾካሾክ ጀመረች። በሹክሹክታ ስትቆጣ አይታችኋት ቢሆን! ፊቷ ይቀላል፣ ጣቷ ይወዛወዛል፣ ድምፅ ግን የለም። ጠዋት ጠዋት እየጮኸ ያስቸግራል ብላ አውራ ዶሮዋንም አረደችው፤ ፋሲካ እንኳ ሳይደርስ። እንዲህ ይወዱን ነበር። ዛሬ እኔ የምኖርበት ሰፈር ጎረቤቴ ቢሞት የማውቀው ድንኳን ሲተከል ነው።

ታዲያ ሙሌ አልተሻለውም። እንዲያውም ባሰበት። እንቅልፍ አጣ። ቀን ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይቀመጥና ጣሪያውን እያየ ያዳምጣል፤ ምን እንደሚያዳምጥ አናውቅም፤ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል። እኛ ደግሞ ይበልጥ ዝም አልን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቀዩን ጊታር ከግድግዳ አውርዶ ጭኑ ላይ አድርጎት አገኘሁት። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕሊፋየር ድምፁ የትንኝ ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ጆሮው ደክሟል። ጣቶቹ ይሄዳሉ፣ የሚወጣ ነገር የለም። ቀና ብሎ «አይሰማኝም አስቱ» አለኝ። ስለ ራሱ አንድ ነገር ሲናገር ከተመለሰ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አምፕሊፋየር ልፈልግለት የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። የማያስደነግጠው፣ ዝቅ ብሎ የሚሰማ መሆን አለበት። ይህ ልጅ ካልተጫወተ እናጣዋለን ብዬ ነው። እናጣዋለን የምለው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም፤ ምግብ ትቶ ነበር፤ እማዬ ያቀረበችለትን ሰሃን እንዳለ ነበር የምታነሳው።

ለማግኘት ግን የት ይገኛል? እንደ ዛሬ ሱቅ ገብቶ «ይህን አሳየኝ፣ ያንን አብራልኝ» ማለት የለም። ያለው ዕቃ ሁሉ የኪነት ቡድኖች እጅ ነው፤ የቀረውም በሰው ቤት ተደብቋል። የድሮው ባንዳቸው ከበሮ መቺ ሰማና የሆቴሉን አምፕሊፋየር በጋሪ አስጭኖ አመጣልን። ፍሪጅ ያህላል። በሩ አላስገባ ብሎ ጉበኑን ላጥነው። ሲቀንሱት ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚናገር ሰው ታፈነ፤ ለዛ የለው፣ ምን የለው። ከበሮ መቺው «ቆይ ትንሽ ነካ ላድርገው» ብሎ ቁልፉን አዞረ፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከመደርደሪያው ላይ ብርጭቆ ወደቀ፤ ሙሌ ወጥቶ ሄደ። ተከትዬው ወጥቼ ዊንጌት ታክሲ ማቆሚያው ጋ ነው ያገኘሁት፤ ባዶ እግሩን ነበር። ሻጩ ጎረምሳ ለሶስና «ትልቁ ሲቀነስ ይሞታል» ሲላት በሆዴ የሳቅሁት ለዚህ ነው። እኔ ይህን የተማርኩት በተሰበረ ብርጭቆ ነው።

ሁለተኛው የተሾመ ነበር። ተሾመ ግቢያችን ዳር ያለው የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ በኳየር ጊታር ይጫወት ነበር። ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ በኋላ ዕቃው ሁሉ በየአባሉ አልጋ ስር ተበትኗል፤ አምፕሊፋየሩ የተሾመ አልጋ ስር፣ የጤፍ ከረጢት ለብሶ ተኝቷል። «ነጠላሽን ጣል አድርጊበት፤ የቀበሌ ሰው ካየሽ ሞሰብ ነው በይ» ብሎ ሰጠኝ። አራት ማዕዘን ሞሰብ የት አይቶ እንደሆነ እንጃ! አዲስ ሥሪት ነው፣ አምፖል የለውም፣ ትንሽ ነው። ስታበራው መብራቱ ብቻ ነው መሥራቱን የሚነግርሽ፤ ድምፁ ንጹሕ ውሃ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ የፈለግሁት ይህንን ነበራ! ሙሌ ሰካው። አንድ ክር ነካ። ድምፁ ወጣ፣ አለቀ፣ ከዚያ ምንም የለም። ቆየና ሌላ ክር ነካ። አሁንም ምንም የለም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ ላብ ነው። ጊታሩን አልጋው ላይ አጋደመና «ጥሩ ነው፤ መልሺለት» አለኝ። ለምን ብዬ ብለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያን ማታ እማዬ እንደ ልቅሶ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ ሳያት በእሱም በእሷም ተናደድኩ፤ ምን ላድርግ ታዲያ?

ሦስተኛው የጋሽ ደምሴ ነው። ጋሽ ደምሴ አዲሱ ገበያ ከእህል በረንዳው ጀርባ ራዲዮ ይጠግናሉ። ሱቃቸው የአንድ ቁም ሣጥን ያህል ስለሆነ ደንበኛው ውጭ ቆሞ በመስኮት ነው የሚያናግራቸው። ጉዳዬን ነገርኳቸው። ብዙ ሳያስቡ ከራዲዮ ክምር ስር አንዲት የእንጨት ሣጥን ጎትተው አወጡ፤ ፊቷ አሮጌ ጨርቅ የተወጠረበት፣ ሆዷ ውስጥ ሦስት መስታወቶች ያሏት። ባለቤቱ ለጥገና ሰጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል። ሲያበሯት ያ የአቧራ ሽታ መጣ፤ ከዚያም ማንም ሳይነካት «እምምምም» ማለት ጀመረች። ማቆሚያ የለውም። እኔ ደንግጬ «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ድምፅ ልቀንስ ነው የመጣሁት፤ ይቺ ጭራሽ ሳይነኳት ታጉረመርማለች!» አልኩ። «ድምፁን የሚያጣራው ኮንደንሰሯ አርጅቶ ነው። ዕቃው ጠፍቷል እንጂ እንዲህ አድርጌ ሥራ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። እንዳገኘሁ አስተካክልላታለሁ፤ እስከዚያ ታገሷት» አሉኝ። አፍረው ነበር፤ ከልባቸው ነው ያፈሩት። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ተሸክሜ ሄድኩ።

ቤት ስገባ ሙሌ እንደ ልማዱ ግድግዳው ጋ ነው። ሰካሁና አበራሁት፤ ማጉረምረም ጀመረ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሙሌ ቀና አለ። ተነሳ፣ መጣ፣ ጊታሩን አልነካም፤ ሣጥኑ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን አስደገፈው። እማዬ በዓይኗ ምንድነው አለችኝ፤ በትከሻዬ እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። ትንሽ ቆይቶ አንገቱ ዘመም አለ። ተኛ። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተኛ፤ እማዬ ዝንብ እንዳያርፍበት በነጠላዋ ስታባርርለት ዋለች። በማግስቱ ጊታሩን ሰካ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ከክፍሉ አይወጣም፣ ግን ሞቅ ያለ፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ያለ ድምፅ። የድሮ የሆቴል ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ነካካቸው። ያን ቀን ፍርፍር በላ፤ ጨመረም። እማዬ ሣጥኑን ሳመችው፤ አማኝ ነኝ የምትል ሴትዮ እንጨት ስትስም በዓይኔ አየሁ።

ጥሩ ሳምንታት ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን ከፋብሪካ ስመለስ ሙሌን ግድግዳው ጋ አገኘሁት፤ ላቡም ተመልሷል። ለካ ጋሽ ደምሴ ኮንደንሰሩን አግኝተው፣ የሙያ ክብራቸው እንቅልፍ ነስቷቸው፣ መሣሪያቸውን ይዘው ቤታችን ድረስ መጥተዋል። እማዬ ደስ ብሏት ሻይ አፍልታ አስጠግናለች። ሲያበሩት ፀጥ ያለ ሆኗል። መስታወቶቹ ይበራሉ፣ ጊታሩን ሲነኩት ይሰማል፣ ከዚያ ውጭ ትንፍሽ አይልም። ጋሽ ደምሴ «አሁን ገና ዕቃ ሆነች» ብለው እጃቸውን ታጥበው ሄደዋል።

ሙሌ ያን ቀን ጊታሩን አልነካም። ማታ እራት ሳይበላ ሲቀር አጠገቡ ተቀመጥኩና «አንተ፣ ዛሬ ካልነገርከኝ ከዚህ አልነሳም» አልኩት። እኔ እንዲህ ካልኩ እንደማልነሳ ያውቃል።

«ጫጫታው አይደለም አስቱ» አለኝ። «እዚያ ሲጮህ ምንም አይደለም። ሲጮህ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። ዝም ሲል ነው። ጭጭ ይልና፣ ወፍ እንኳ ጭጭ ይልና... ከዚያ ነው የሚመጣው። የድስት ክዳኑም እኮ ከጭጭታ መሀል መጥቶ ነው ያስደነገጠኝ። እናንተ ደግሞ ትንሾካሾካላችሁ። ሲነጋም ሲመሽም እጠብቃለሁ። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያልኩ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረንም ነበር?»

«እትዬ ዘነበች ዶሮዋን አርዳልኝ ምን ልበል?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም አደረግሁ። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ሣጥኑን አዝዬ አዲሱ ገበያ ደረስኩ።

«ጋሽ ደምሴ፣ አበላሹልኝ» አልኳቸው።

«ምን?»

«ኮንደንሰሩን ያውጡልኝ። እንደ ድሮዋ ታጉረምርም።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ? በዚህ ሙያ አርጅቻለሁ፣ አበላሽልኝ ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። ሳላውቅ ያበላሸሁት ይኖራል፤ አውቄ ግን አላበላሽም!» እህል ነጋዴዎቹ መስማት ጀመሩ። ዝቅ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሙሌ ያለውን ቃል በቃል።  እንዳቀረቀሩ የወዳደቀ ዕቃ የሚያጠራቅሙበትን የወተት ቆርቆሮ ገልብጠው አሮጌውን ኮንደንሰር ፈልገው አገኙ፤ በየዱት። «እምምምም» አለች። ገንዘብም አልቀበል አሉኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ሰው ሰምቶ ማን ሠራት ቢልሽ፣ አደራ፣ የእኔን ስም እንዳታነሺ» አሉኝ።

ቀጥሎ የግቢው ሥራ መጣ። ሁሉንም ቧንቧው ጋ ሰብስቤ «ከዛሬ ጀምሮ ጩኹ» አልኳቸው። ተያዩ። ዝም ማለት በትእዛዝ ይቻላል፣ ጫጫታ ግን በትእዛዝ አይመጣም። እትዬ ዘነበች «ምን ብዬ ልጩህ?» አለችኝ በሹክሹክታ። ደግነቱ ወዲያው ትልቋ ልጇ ውሃ የሞላ ባልዲ አደናቅፋ ደፋች። እትዬ ዘነበች ስብሰባውንም ሙሌንም ረሳችና «አንቺ እጅሽ ይሰበር!» ብላ ስትጮህ ከጣሪያው ላይ ርግብ ተነሳ። እኔ ወደ ቤታችን በር ሮጥኩ። ሙሌ አልጋ ስር አልገባም። በመስኮት እያያት ይስቅ ነበር።

እንዲህ እያለ ቀስ በቀስ ወደ ራሱ መጣ። ቀልዴን አይደለም፣ ጊዜ ወስዷል፤ የሚደነግጥባቸው ቀናት ነበሩ፣ ዛሬም እርጅና ላይ ሆኖ ቤት ጭር ሲል ራዲዮ ይከፍታል። ያኔ ግን መጀመሪያ በሩን ዘግቶ፣ በኋላ ገርበብ አድርጎ፣ በኋላ ከፍቶ ይጫወት ጀመር። ድምፁን ግን ሁልጊዜ እዚያው ታች ነው የሚያደርገው፤ የድምፅ ቁልፉ እንዲነካ የተሠራ አይመስልም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኔና እማዬ ልብስ እያጣጠፍን ነው። የእትዬ ዘነበች ትልቋ ልጅ ማትሪክ ልትፈተን ደርሳ ቤት ተዘግቶባት ታጠናለች። ሙሌ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሲጫወት ቆየና ሳያስበው እጁን ሰደደ፤ ቁልፉን አዞረው። ድምፁ ክፍሉን ሞላ፣ በበሩ ወጣ፣ ቧንቧው ጋ ደረሰ። እማዬ ያጠፈችውን ሸሚዝ እንደያዘች ቀረች። እኔ ሙሌን አየሁት፤ ግንባሩ ደረቅ ነው። እንደገና አዞረው። ያኔ እትዬ ዘነበች እጇ ሳሙና በሳሙና እንደሆነ በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ሙሌ! ኧረ በሕግ! ልጅቷ ፈተና ደርሶባታል፣ ጆሮአችንን አደነቆርከው እኮ! ሰው የለም ብለህ ነው? ቀንስ!»

«እሺ እትዬ!» አለ ሙሌ፤ ቀና ብሎም አላያትም፣ አልቀነሰምም።

እማዬ ሸሚዙን ጥላ ተነሳች። ሄዳ እትዬ ዘነበች አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ጉንጯን ትስማለች፣ ታለቅሳለች፣ ደግማ ትስማለች። እትዬ ዘነበች ሳሙና የሆነ እጇን ወዲያና ወዲህ ዘርግታ ግራ ገባት።

«ጌጤ፣ ምን ነካሽ? እኔ እኮ ልጣላ ነው የመጣሁት!»

«ተጣዪው» አለች እማዬ። «ስሞትልሽ ዘነቡ፣ ነገም መጥተሽ ተጣዪው።»